የተፈገፈገው ወንዝ

ከተማው ወንዝ እንዳለው የሚያምነው በዝናቡ ወራት ብቻ ነው። ያኔ ወንዙ ይመጣል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። ፍራሽ፣ ጎማ፣ ያንድ እግር ጫማ፣ አንዳንዴም በሩ የተገነጠለ ፍሪጅ ተሸክሞ እየተሳደበ ያልፋል። በሌላው ወቅት ድልድዩ ላይ ቆሞ ሊተፋበት የፈለገ ሰው እንኳ አነጣጥሮ መትፋት አለበት።

ይህን ወንዝ የሚጠብቅ አንድ ማኅበር አለ። ከማን ነው የሚጠብቀው ላለ፣ ከሰው ነው። ከጠባቂዎቹ የሚጠብቀው ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ወደዚያ እንመጣለን። የማኅበሩ ሊቀመንበር ንግግር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ንግግሩ ግን እሳቸውን ወዶ አያውቅም። ለአባላቱ ያሳተሙት ካናቴራ ደረቱ ላይ «ወንዝ ሕይወት ነው» ይላል። አንዴ ሲታጠብ «ሕይወት» የሚለው ለቀቀና «ወንዝ ነው» ብቻ ቀረ። እሱንም ቢሆን በበጋ የሚጠራጠር አልጠፋም።

በዚህ ማኅበር ውስጥ አንዲት ሴት ትሠራለች። እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦቲ አጥልቃ ችግኝ ትተክላለች፣ ቆሻሻ ታስለቅማለች፣ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች ለምርመራ ትልካለች። ማታ ማታ ጭቃ ተለውሳ ስለምትገባ እናቷ በደህናው ጊዜ «ጭቃ ሹም» የሚል ስም አወጣችላት። ስሙ ከቤት አምልጦ ቢሮ ገባ፤ አሁን ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ ስብሰባ ላይ በዚሁ ይጠሯታል። እኛም እንግዲህ ከሰው አንለይም።

እናትየው የትልቅ ሆስፒታል የጽዳት ኃላፊ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። የሆስፒታሉ ሐኪሞች በሽታ አይፈሩም፤ እሷን ግን ይፈሩ ነበር። ጫማውን ሳይጠርግ የገባ ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ፣ በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ እየጠበቀው፣ ከኮሪደሩ መካከል ተመልሶ እግሩን እንደ ተማሪ ሲጠርግ ያዩ ሰዎች አሉ። ቤቷማ ቤት አልነበረም፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር። ባሏ አርባ ዓመት ሙሉ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ በካልሲ ኖረ።

ባሏ ሲሞት ግን ሁሉ ነገር ቆመ። ልጇ ብቻዋን አትሁን ብላ ወደ ራሷ ቤት አመጣቻት፤ እናትም መጣች፣ አልጋው ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አበቃ። የምትበላው ለመብላት አልነበረም፤ ሳህኑ እንዲወሰድላት ነበር። አታለቅስም። አትናገርም። የዝናቡ ወራት በዚህ አለፈ።

«ዛሬ ሶፋ መጣልሽ እማዬ» ትላለች ጭቃ ሹሟ፣ ከሥራ ስትገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። «ባለ ሦስት ሰው። እኛ የተከልነውን ችግኝ በሙሉ ገርስሶ፣ ድልድዩ ሥር ሄዶ ጋደም አለ።»

«እ» ትላለች እናት ለግድግዳው።

ጭቃ ሹሟ ለቅሶ ቢሆን ባልፈራች ነበር። ያስፈራት አቧራው ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በጣት ስም ይጻፋል፤ መስኮቱ ጥግ ሸረሪት ሠፍራ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች፤ እናቷም ይህን ሁሉ በዓይኗ እያየች ምንም አትልም። አንድ ቀን ጭቃ ሹሟ መላ ዘየደች። ጭቃ የጠገበውን ቦቲ አመጣችና ከእናቷ አልጋ አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ አቆመችው። ከዚያ ስድብ ጠበቀች። የልጅነቷን ስድብ፣ ያንን ከጓዳ እስከ መንገድ የሚሰማውን። እናት ቦቲውን አየችው። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብም አየች። ከዚያም ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጋ ተመልሳ ዞረች። ጭቃ ሹሟ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ለወንዝ ጥበቃ ሠራተኛ ያን ያህል ውሃ ማባከን ነውር ነው፤ ግን አባከነችው።

ዝናቡ አባራ። ሰማዩ ጠራ፤ ወንዙም ቁጣው በርዶለት ወደ ልኩ ተመለሰ። ያን ጊዜ ጉዱ ወጣ። በየቅርንጫፉ ላይ ፌስታል ተሰቅሎ ሲታይ ዳርና ዳሩ ልብስ የተሰጣበት ግቢ ይመስል ነበር።

በዚያው ሰሞን እናት ጥርሷን ታመመችና ልጇ በማኅበሩ ፒክአፕ ወስዳ አስነቀለቻት። ሲመለሱ ሹፌሩ ባዶ ማዳበሪያዎች ለማራገፍ ድልድዩ አጠገብ አቆመ። እናት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ጉንጯ አብጧል፤ አፏ ውስጥ ጥጥ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ወንዙ ነው እማዬ። የምሠራበት።»

«ወንዝ መሆኑንማ አየሁ። የተነቀልኩት ጥርሴን ነው እንጂ ዓይኔን አይደለም። ኃላፊው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እናንተ!» እናት ጥጡን ከአፏ አወጣች። «ይሄን እያሳየሽ ነው ደሞዝ የምትበዪው? ሰው ቢያይሽስ ምን ትያለሽ? ልጄ አይደለሽም እንዳልል ምጡን አልረሳሁትም!»

በሩን ከፍታ ወረደች። ሹፌሩ ደንግጦ «ኧረ ይመልሷቸው» ቢል ጭቃ ሹሟ ክንዱን ይዛ አስቆመችው። እናቷ ተቆጥታለች! ያንን ቁጣ ስንት ወር ሙሉ ጠብቃው ነበር! እናት በጎኗ እየተንሸራተተች ዳርቻው ድረስ ወረደች፣ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሳች፣ ቀና ብላ ልጇን አየቻትና «ምን ትገተሪያለሽ? ማዳበሪያ አቀብዪኝ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። የሰፈሩን ሴቶች አንድ በአንድ ከየቤታቸው አወጣቻቸው፤ ጸጉር ሠሪዋን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ጡረተኛ መምህሯን። ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይጸዳም የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉን የጣሰ በጎ ፈቃደኛ ከበጎ ፈቃዱ ተባረረ። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው «የተከበራችሁ የወንዛችን ወዳጆች…» ሲሉ እናት ማዳበሪያ አስያዘቻቸውና «አፍዎ ሲከፈት እጅዎ ይቆማል» አለቻቸው። ሊቀመንበሩም እስከ ምሳ ዝም አሉ። የማኅበሩ ታሪክ እንዲህ ያለ ፀጥታ አያውቅም።

ቤትም ውስጥ አቧራው ጠፋ፤ ሸረሪቷ ከነቤተሰቧ ተሰደደች። ጭቃ ሹሟ በቦቲዋ ገብታ ስትሰደብ ጆሮዋ እስኪግል ደስ አላት።

ብርዱ ገባ። ቅጠል ረገፈ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ የገባ እጅ የራስ አልመስል ይላል። ማኅበሩ ከወንዙ መነሻ፣ ከተራራው ሥር፣ ችግኝ ሊተክል አሰበና ጭቃ ሹሟን ከትሎቹ ዶክተር ጋር ላካት። የትሎቹ ዶክተር የሚባለው የውሃ ውስጥ ነፍሳት የሚያጠና ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ከመሄድ ብዛት ከሰው ይልቅ ድንጋይ ያውቃል። ጭቃ ሹሟ ስትሄድ እናቷን አቅፋ ስማ፣ ሰው ሳያስብ እንደሚናገረው «በይ እማዬ፣ ወንዙን አደራ» አለች።

አደራ! ለሌላ ሰው ቃል ነው። ለእናቷ ግን ትእዛዝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ሁለቱ ድልድዩ ላይ ቆመው ቀሩ። ወንዙ ታጥቧል። ቆሻሻው ተነሥቷል ማለት አይደለም፤ እሱማ ድሮ አልቋል። ወንዙ ራሱ ነው የታጠበው። ከውሃው ውስጥ የነበረው ድንጋይ ሁሉ ወጥቶ፣ በወለል ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ አረንጓዴው ልብሱ ተገፎ፣ ዳርቻው ላይ ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ ጋር ተደርድሯል። ወድቆ የነበረው ግንድ ተጎትቶ ወጥቷል። ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል እንደ ወታደር ጸጉር አጥሮ ተከርክሟል። ውሃው በባዶ አሸዋ ላይ፣ በተወለወለ ኮሪደር ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል።

እናት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጉንጯ ከብርዱ ቀልቶ፣ ብሩሿን ከፍ አደረገች። «አሁን ወንዝ መሰለ!» ብላ ጮኸች ከታች። «ሳሙና አልነካነውም፣ እንዳትቆጪ! በእጅ ብቻ ነው! ያ ዝልግልጉ ስንት ዓመት እንደቆየ ብታዪ!» ሴቶቹ አጨበጨቡ።

የትሎቹ ዶክተር ወረደ። መረቡን ውሃው ውስጥ ተከለ፣ አሸዋውን በእግሩ አመሰው፣ መረቡ የያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገለበጠ። ሌላ ጊዜ ትሪው ላይ ስንት ነገር ይርመሰመሳል። አሁን የሚጠጣ የሚመስል ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር።

«አንድም?» አለች ጭቃ ሹሟ በሹክሹክታ።

«አንድም። ድንጋዩ ቤታቸው ነበር። እናትሽ ተከራዮቹን ከነዕቃቸው ፈግፍጋ አስወጥታቸዋለች። አሳውም እነሱን በልቶ ነበር የሚያድረው፤ ወፉም አሳውን።» ትሪውን ደፋው። «ድንጋዩና ግንዱ ሙቀቱ ሳይገባ መመለስ አለበት። ያለዚያ ከላይ በውሃው የሚመጣው ነፍስ የሚይዘው አጥቶ ያልፋል።»

የሊቀመንበሩን ነገር ደግሞ ባላነሣው በወደድኩ። እሳቸው ቀድሞውኑ «በፊትና አሁን» የሚል ፎቶ አንሥተው፣ በየቢሮው በትነው፣ ምስጋና ተቀብለውበት ነበር። ወንዝ ገድሎ መሸለም ለሳቸው ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለች ጭቃ ሹሟ። «እኔና አንተ ቀስ ብለን እንመልሰዋለን። ይህን ብትሰማ ተመልሳ ትተኛለች። ከዚያ አልጋ ሁለተኛ የማስነሳበት አቅም የለኝም።»

እናቷን ከክፉ ወሬ መጠበቅ ለጭቃ ሹሟ አዲስ ሥራ አልነበረም። አባቷ ሲታመምም «ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ትደነግጣለች» ብሏት ነበር። ሁለቱ ተማክረው በሽታውን የጨጓራ ነገር አስመሰሉት። እናት እውነቱን የሰማችው ሰውዬው መናገር ካቆመ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ደግነት ብሎ አሞግሶት ነበር።

እንግዲህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ሥራ ተጀመረ። በሥራ ቀን ማለዳ ማለዳ ልጅና ዶክተር ድንጋይ ወደ ውሃው ይጨምራሉ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እናት ከነሠራዊቷ ታወጣዋለች። እንደገና ይጨምራሉ፤ እንደገና ታወጣለች፣ ትፈገፍጋለች፣ ትደረድራለች። ድንጋዮቹ በሕይወታቸው እንደዚያ ተመላልሰው አያውቁም። ዶክተሩ ወገቡ ተቆርጦ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ መቀመጥ ጀመረ።

«ጠላት አለብን» አለች እናት አንድ እሑድ ሾርባ እየጠጡ።

«ምን ዓይነት ጠላት እማዬ?»

«ድንጋይ የሚመልስ ጠላት። ሰው ጤነኛ ሆኖ እንዲህ አይሠራም። አሸዋ ሻጩን ጠርጥሬዋለሁ፤ ዓይኑ አላማረኝም። ሹፌራችሁም ቢሆን ንጹሕ አይደለም።»

«ተዪው፣ ምናልባት ውሃው ራሱ ይሆናል።»

«ውሃ ድንጋይ ያነሳል? አንቺን ያስተማርኩበት ገንዘብ ከሰረ!» አለች እናት፤ ጭቃ ሹሟም ሾርባው ትን አላት። ከዚያም፣ ማለት ስላለባት፣ «የሆነው ሆኖ እጅሽ ይባረክ እማዬ፣ ወንዙ አምሮበታል» አለች። ይህን ስትል የራሷን ፊት መስታወት ውስጥ ማየት አልፈለገችም።

ብርዱ ሄደ፤ ሙቀቱ መጣ። ወንዙ ከሳ። የቀረው ውሃ አሸዋው ላይ ተንጣልሎ፣ ጥላ የሚሆነው አንድ ግንድ እንኳ ሳይኖር፣ እስከ ቀትር ለብ ይላል። አሳ የለም፤ አሳ የሚለቅሙት ወፎችም ሌላ ሰፈር ገቡ። ትንኝ ግን ተመችቶታል። ሴቶቹ ክንዳቸውን እያከኩ «ይሄን ያህል አጽድተን ከየት መጣ?» ይላሉ። ጭቃ ሹሟ መልሱን ታውቃለች፤ ትንኙን ገና በውሃው ውስጥ ሳለ የሚበሉት ነፍሳት ተፈግፍገው ስለሄዱ ነው። ዝም አለች። ዝም ባለች ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ዳመና ማርገዝ በጀመረበት ሰሞን፣ ትልቅ ድንጋይ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ውሃው ስትወርድ ከድልድዩ ሥር አንድ ሰው ብሩሽ ይዞ ወጣ።

«ያዝኩህ አንተ…» ብላ እናት ስድቡን ጀምራ ዋጠችው። «አንቺ ነሽ?»

ጭቃ ሹሟ ድንጋዩን እንደታቀፈች ቀረች። «እኔ ነኝ እማዬ።»

«አበድሽ?»

ከዚህ በኋላ ማምለጫ አልነበረም። ነገረቻት። ድንጋዩ ቤት እንደነበር፣ ዝልግልጉም ለነፍሳቱ ምግብ እንደነበር፣ ወንዙ አሁን ባዶ መሆኑን፣ አሳው የት እንደሄደ፣ ትንኙ ከየት እንደመጣ። እናት ሳታቋርጥ ሰማች። ይህ ብቻውን የሚያስፈራ ነገር ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ከተራራው የተመለስኩ ቀን።»

«ያኔ! እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ጥፋት ስሠራ እያየሽ፣ እጅሽ ይባረክ ስትዪኝ ነበር?»

«ትከፊያለሽ ብዬ ነው። ተመልሰሽ ትተኚያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

እናት ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «አባትሽም ትደነግጫለሽ ብዬ ነው አለኝ፣ በስተመጨረሻው በዓይኑ። የስንቱን ሬሳ ከአልጋ ያነሳሁ፣ የስንቱን ደም የወለወልኩ ሴት፣ የገዛ ባሌ በሽታ ይከብዳታል ተባለ። ታውቂያለሽ የመጨረሻውን ጊዜ ምን ስለው እንደከረምኩ? ጫማህን አውልቅ! አንሶላውን አታቆሽሽ! ሊሞት ነው ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ በጫማው አልጋዬ ላይ ይውጣ፣ ምን ቸገረኝ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «ግድግዳውን ሳይ የከረምኩት አዝኜ ብቻ ይመስልሻል? አንቺን ላለማየት ነው። ቀና ብዬ ሳይሽ ጨጓራ ነው ያልሽኝ ፊትሽ ነበር የሚታየኝ።»

ጭቃ ሹሟ ደግነት ብላ የያዘችው ነገር እናቷን አልጋ ላይ የጣላት እሱ ራሱ መሆኑ አሁን ገባት፤ አፈረች፣ ከልቧ አፈረች። «ይቅር በዪኝ እማዬ» አለች፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም።

«መጀመሪያ ድንጋዩን አስቀምጪ፤ ወገብሽ ይቆረጣል።» እናት በካናቴራዋ ጠርዝ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይቅርታሽን ኋላ አስብበታለሁ። ግን ስሚኝ፤ ሁለተኛ እንዳትጠብቂኝ። ደሞዝ የሚከፈልሽ ወንዝ ልትጠብቂ ነው፤ እሱን ጠብቂ።»

ቅዳሜ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ጭቃ ሹሟ በነገሩ መግቢያ ላይ ስትንተባተብ እናት ገፋ አድርጋት ፊት ቆመች። «ሴቶች፣ ተሳስተናል። በንጽሕና ገድለነዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያዘዝኩ እኔ ነኝ።»

«ንጽሕና ደግሞ ይገድላል እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባለቤቴ ትገድይኛለሽ ይለኝ ነበር፤ አላመንኩትም። በሉ፣ ድንጋይ አንሡ!» ሊቀመንበሩ «ነገር ግን የምስጋና ወረቀቱ…» ብለው ሲጀምሩ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አስታቀፈቻቸው። ስንት ቅዳሜ ያወጡትን በሁለት ቅዳሜ መለሱት፤ ማፍረስ ቀሎ መመለስ ይከብዳል የሚባለው ለካ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

የመጀመሪያው ዝናብ ገና ሲያንጠባጥብ፣ የቀረውን ግንድ ሊያስገቡ ዳርቻው ላይ ሳሉ፣ የትሎቹ ዶክተር መረቡን ተከለ። አሸዋውን አመሰ። ድንጋይ ገለበጠ። ትሪው ላይ ደፍቶ ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ ጭቃ ሹሟን በክርኑ ነካ አድርጎ «አንድ ሁለት አይቻለሁ ልበላቸው? ይሄን ያህል ለፍተው…» አለ።

አንድ አፍታ ልቧ እሺ ሊል ነበር። እናቷ ከወዲያ ሆና በጉጉት እያየቻቸው ነበር።

«እንዳታደርገው» አለች። «ያየኸውን ንገራት።»

ዶክተሩ ትሪውን ይዞ ሄደ። «እማማ፣ ምንም የለም» አለ። «አንድም። ዘንድሮ ላይመለሱ ይችላሉ። እውነቱን ከፈለጉ፣ ከርሞም ላይመለሱ ይችላሉ።»

እናት ትሪውን ተቀብላ ወደ ባዶው ውሃ አየች። የዝናቡ ጠብታ እየወረደ ያንቀጠቅጠዋል። አዘነች፤ ፊቷ ላይ ሐዘኑ እንዳለ ታየ፣ ዓይኗ ሞላ። ከጭቃ ሹሟ ጥርስ ድረስ ማጽናኛ ቃል መጥቶ ነበር፣ መለሰችው።

እናት ውሃውን ደፍታ ትሪውን ለዶክተሩ መለሰች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረችና ፊት ለፊት አየቻት።

«ይኸው፣ ሰማሁት» አለች። «ሞትኩ እንዴ?»

«አልሞትሽም እማዬ።»

«እንግዲያው ምን ታፈጪብኛለሽ? ያን ግንድ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»